ዕዳ ከሜዳ

አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ ሹማምንትና የመንግሥት ሠራተኞች አንባቢዎቻችን ከዚህ ዓምድ የምትጠብቁት ሁለት ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ይኸውም አንደኛው ቋንቋ፥ ሁለተኛው ቁም ነገር ነው። ቁም ነገር የሌለው ቋንቋ ባዶ እንስራ ነው፤ ቋንቋ ያጣ ቁም ነገርም ማድጋ እንዳጣ ውሃ ፈሶ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ከአንዲት አጭር አነጋገር ተነሥተን ወደ ሦስት የጨዋታ ቡድኖች ታሪክ እናመራለን። አነጋገሪቱም «ዕዳ ከሜዳ» የምትባለው ናት።

ሰው ያልተበደረው ዕዳ፥ ያላሰበው ጣጣ ወይም ያልጠበቀው ኀላፊነት በድንገት ሲወድቅበት «ይህስ ዕዳ ከሜዳ ነው» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሜዳ የተባለው ማንም ያልዘራበት ገላጣ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ዘር ሳይወድቅበት ዕዳ በቀለበት እንደ ማለት ይሆናል። ነገር ግን ሜዳ ሌላም ትርጉም አለው፤ ኳስ የሚጫወቱበት ስፍራም ሜዳ ይባላል። ከዚህ በታች ከምንተርክላችሁ ከሦስቱ ቡድኖች አንዱ ስሙን በጠላት ተቀማ፤ ሁለተኛው ሜዳውን በጦርነት አጣ፤ ሦስተኛው ግን የነካው ጠላት ሳይኖር በገዛ ሜዳው ምክንያት ዕዳ ወድቆበት ፈረሰ። ከሦስቱ የትኛው እንደ ተረፈ፥ የትኛውም ስለ ምን እንዳልተረፈ መርምሮ ማወቅ፥ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ለያዘ ሰውም ሆነ የቤት ቁልፍ ለያዘ አባወራ የሚጠቅም ይመስለናል። ዘመኑን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ስንጽፍ እ.አ.አ. ብለን እንለያለን።

ታሪካችንን ከባሕሪ እንጀምር። የሱዳን ዋና ከተማ በስም አንዲት ብትሆንም በመልክ ሦስት ናት። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ፥ በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፥ በምዕራብ ዳር ኦምዱርማን፥ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን ደግሞ ባሕሪ ይገኛሉ። የዚህችን ከተማ ስም ከአማርኛው «ባሕርይ» ጋር እንዳታደባልቁት አደራ እንላለን። ባሕርይ የሰው ወይም የነገር ጠባይ ነው፤ ባሕር የታላቅ ውሃ ስም ነው፤ ባሕሪ ግን በዐረብኛ ሰሜናዊ ማለት ነው። ለግብጽ ሰው ባሕሩ ያለው በሰሜን በኩል ስለሆነ ሰሜንን በባሕር ስም መጥራት ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ወንዙን ተከትሎ እስከ ሱዳን ዘለቀ። የእኛ ባሕር ዳርም ከዚህች ከተማ ጋር በስም ብቻ ሳይሆን በውሃም ትዛመዳለች፤ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን የሚያልፈው ዓባይ ጎጃምን ዞሮ፥ የሱዳንን ቆላ አቋርጦ፥ በመጨረሻ በባሕሪና በካርቱም መካከል ያልፋልና።

ሱዳን እ.አ.አ. ከ1899 እስከ 1955 መጨረሻ ድረስ በእንግሊዝና በግብጽ የጋራ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በስም ጥምር ይሁን እንጂ መሪውን የጨበጡት እንግሊዞች ነበሩ። ወደዚያ የሚላኩት የአስተዳደር ሹማምንት አብዛኛዎቹ ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረጡ ሲሆኑ፥ ከእነርሱም ውስጥ ለትምህርት ቤታቸው በራግቢ፥ በቀዘፋና በሩጫ ተወዳድረው ስም ያተረፉ ብዙዎች ነበሩ። እነዚያ ሹማምንት ዐረብኛ ተምረው ፈተና ማለፍ ግዴታቸው ነበር፤ የሚያስተዳድሩትን ሕዝብ ቋንቋ መማር የዛሬ አንባቢዎቻችን ብቻ የተሸከሙት ቀንበር አለመሆኑን ከዚህ ትረዳላችሁ። ጨዋታዎቻቸውን ግን ሱዳኖች መርጠው ተቀበሉ። ራግቢ በዚያ አፈር ሥር አልሰደደም፤ የእግር ኳስ ግን ከሹማምንቱ ሜዳ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ አደባባይ ወረደና የሕዝቡ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቡድን፥ ስሙን ወደ ተቀማው እንምጣ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ የእግር ኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙንም በሰፈራቸው ካለው ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ቤተ ክርስቲያኑ የአድዋ ድል መታሰቢያ መሆኑ ይታወቃል። የምሥረታውን ጊዜ ልብ በሉ፤ የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቷል፤ ሀገሩ በክተት ላይ ነው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ዋና ከተማዋን ያዘ። ቡድን ለመመሥረት ከዚያ የከፋ ጊዜ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ወራሪው የሀገሬውን ተጫዋቾች ከኢጣልያኖቹ ለይቶ በተለየ ውድድር እንዲጫወቱ አደረገ። የአድዋን ድል የሚያስታውስ ስም ለጠላት ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም፤ ቡድኑም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ሆነ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶቹን ዓርማ የሚያመለክት ቃል ነው። እንግዲህ ልጆቹ ያው ልጆች፥ ኳሱም ያው ኳስ፥ ሰፈሩም ያው ሰፈር ሆኖ ሳለ ስሙ ብቻ የጠላት ሆነ። በሰው ፊት ሊቶሪዮ እየተባለ የሚጫወት ልጅ ቤቱ ሲገባ ራሱን በምን ስም ይጠራ እንደ ነበር መጠየቅ አያሻም።

ያ ስም የተመለሰበት መንገድ በካርቱም በኩል ያለፈ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ሀገር ስደት ተነሥተው በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ካርቱም ደረሱ፤ እዚያም ወራት ቆይተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማችንን ተከሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ጠላት ከተማዋን ከያዘ ልክ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከነጻነት በኋላ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ፤ በ1936 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1944) በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮናም ተካፋይ ሆነ። በዚያ ውድድር የገቡት ቡድኖች አምስት ሲሆኑ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ከአምስቱ የኢትዮጵያውያን ቡድን አንዱ ብቻ እንደ ነበር ስታስቡ፥ መካፈሉ ብቻ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ምን ያህል ትርጉም እንደ ነበረው ይገባችኋል።

ይህ ቡድን በደርግ ዘመንም የቢራ ፋብሪካ ስም ተሰጥቶት ሲጫወት ከቆየ በኋላ የጥንት ስሙን ዳግመኛ አግኝቷል። ሁለት ጊዜ ስሙን አጥቶ ሁለት ጊዜ መለሰው፤ በሀገራችን የሻምፒዮና ታሪክም ከሁሉ የበለጠ ዋንጫ የወሰደ እርሱ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለማኅበርም እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል።

ከዚሁ ቡድን ወጥቶ ካርቱምን በሌላ በር የገባ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ገና በልጅነቱ ከምሥረታው ዘመን ጀምሮ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ከዚያ ማልያ አልተለየም። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1957) የግብጽ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ግራንድ ሆቴል ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ እርሱ ነበር። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ሳምንት በካርቱም ማዘጋጃ ቤት ስታዲዮም ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተወገደች፤ ከእርሷ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜውም ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ግብ ያገባው ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር።

ሽንፈቱ ከባድ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልባከነም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም ኢትዮጵያ በአሠልጣኙ በአቶ ይድነቃቸው እየተመራች ያንኑ የግብጽን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች፤ አምበሉም ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ እ.አ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1987 ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚደንት ሆኖ ሲሠራ፥ ዘረኛው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ወደ ጨዋታው እንዳይመለስ አጥብቆ ታግሏል። ስሙ ሲቀማ ያየ ቡድን ልጅ፥ ሌላው ሕዝብ በገዛ ሀገሩ ስምና ክብር ሲነፈግ ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም።

ሁለተኛው ቡድን የሱዳኑ ሂላል ነው። ይህ ቡድን እ.አ.አ. በየካቲት ወር 1930 በኦምዱርማን ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም መካከል በካርቱም የጎርዶን ኮሌጅ የተማሩ ወጣቶች ነበሩበት። ሂላል በዐረብኛ አዲስ የወጣች ጨረቃ ናት። የዘመናት ተፎካካሪው ደግሞ ማሪኽ ይባላል፤ ይህም የአንዱ ፈለክ ስም ነው። የግእዝ መጻሕፍታችንም ያንኑ ፈለክ መሪኅ ይሉታል፤ ስለዚህ ቃሉ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የሂላል መለያ ሰማያዊና ነጭ፥ የማሪኽ ቀይና ቢጫ ነው። ሁለቱም ሜዳቸው በኦምዱርማን ውስጥ በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን የሚገኝ ሲሆን፥ እነርሱ በሚገናኙበት ቀን ሦስቱ ከተሞች በሁለት ይከፈሉ ነበር። ሂላል እ.አ.አ. በ1987ና በ1992 ለአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ መጀመሪያ በካይሮው አህሊ፥ ቀጥሎ በሞሮኮው ዊዳድ ተሸነፈ፤ ማሪኽ በበኩሉ እ.አ.አ. በ1989 የአፍሪካን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወስዷል።

በባሕሪ የሚኖር የሂላል ወዳጅ ወደ ሜዳው ለመድረስ ዓባይን መሻገር ነበረበት። ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ እ.አ.አ. በ1966 ከተከፈተ ጀምሮ በጨዋታ ቀን ሰማያዊ የለበሰውን ሕዝብ ሲያሻግር ኖሯል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2023) በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ተነሣ። ውጊያው በረሓ ላይ ሳይሆን በሰው መኖሪያ መካከል ሆነ፤ ባሕሪም ከሁሉ በላይ ከተጎዱት አንዷ ሆነች። ነዋሪው ቤቱን እየዘጋ፥ ብዙ ጊዜም ሳይዘጋ፥ ወደ ገዳሪፍ፥ ወደ ፖርት ሱዳን፥ ወደ ግብጽና ወደ ቻድ ተበተነ፤ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ ሀገራችን የገቡት ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ዘመናቸውን በካርቱምና በባሕሪ ያሳለፉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. የሻምባት ድልድይ ራሱ ተቈረጠ፤ ሁለቱ ተዋጊዎችም አንዱ በሌላው አሳበቡ። ጦሩ ባሕሪን እ.አ.አ. በጥር 2025፥ ካርቱምን በመጋቢት መልሶ ቢይዝም የኦምዱርማን ስታዲዮሞች ተጎድተው፥ የተበተነውም ሕዝብ ገና ሳይሰበሰብ ቆየ።

እንግዲህ ሜዳ የሌለው ቡድን ምን ይሆናል? ሂላል መጀመሪያ ወደ ታንዛንያ ተሰዶ የአፍሪካ ጨዋታዎቹን በዳሬ ሰላም አስተናገደ። እ.አ.አ. በ2024 ከተፎካካሪው ከማሪኽ ጋር ወደ ሞሪታንያ ሄደ፤ ይህም ከኦምዱርማን ከ5,000 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው። የሞሪታንያ ፌዴሬሽን ሁለቱን ቡድኖች በሀገሩ ሊግ ውስጥ በእንግድነት ተቀበላቸው። ሂላልም በአፍሪካ የሻምፒዮኖች ሊግ ከምድቡ አንደኛ ሆኖ አልፎ በሩብ ፍጻሜ በአህሊ ተሸነፈ። በሞሪታንያ ሊግም ከሠንጠረዡ ራስ ላይ ተቀመጠ፤ ነገር ግን እንግዳ ስለሆነ የሀገሪቱ ሻምፒዮንነት ለሀገሬው ቡድን ሆነ። ይህን ነገር በእኛ ባህል ሚዛን ብናየው ሁለቱም ወገኖች ነቀፋ የለባቸውም። ባለቤቱ ለእንግዳው መደብ ለቀቀለት፤ እንግዳውም በልቶ ጠጥቶ አመስግኖ ተነሣ እንጂ የቤቱን ርስት አልጠየቀም። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች የሩዋንዳ ሊግ እንግዶች ሆኑ።

ከሰማይ የተወሰደ ስም ከምድር ጋር አብሮ አይቃጠልም ብንል የምናጋንን አይሆንም። ጨረቃ በኦምዱርማን ላይ እንደምትታይ በኪጋሊም ላይ ትታያለች። ነገር ግን ቡድኑን ያኖረው ስሙ ብቻ አይደለም። በካይሮ ቡና ቤት፥ በአዲስ አበባ ኪራይ ቤት፥ በስደተኛ ድንኳን ሆነው ውጤቱን የሚጠይቁ ሰዎች ስላሉ ነው። ከቤት ንብረቱ የተለየ ቤተሰብ ስለ ኳስ ሲጨነቅ የሚያይ ሰው ሊገረም ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን አይገርመንም። ሰው ቤቱን ባጣ ጊዜ ጎረቤቱን የሚያስታውስበት፥ «የእገሌ ሰፈር ሰው ነኝ» የሚልበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል። በስደት ያሉት ወገኖቻችን ዕድርና ዕቁብ የሚያቋቁሙት ስለ ገንዘቡ ብቻ ነውን?

ሦስተኛው ቡድን ከአፍሪካ የራቀ ነው፤ እርሱም የለንደኑ የራግቢ ቡድን ዋስፕስ ነው። ዋስፕስ በእንግሊዝኛ ተርቦች ማለት ነው። ራግቢን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንግለጥ፤ በአንድ ወገን ዐሥራ አምስት ሰዎች ተሰልፈው፥ እንደ ዕንቁላል የሞለለ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ፥ ከተቃራኒው መሥመር አልፈው ምድር ለማስነካት የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። ኳስ የያዘውን ሰው ጠልፎ ሳይሆን አንቆ ሳይሆን አቅፎ መጣል የተፈቀደ ነው፤ ወደ ፊት በእጅ ማቀበል ግን ክልክል ነው።

ዋስፕስ እ.አ.አ. በ1867 ተመሠረተ። እ.አ.አ. በ1871 ሃያ አንድ ክለቦች ተሰብስበው የእንግሊዝን ራግቢ ማኅበር ሲያቋቁሙ የዋስፕስ መልእክተኛ እንዳልተገኘ ይተረካል፤ እንደሚሉት ሰውዬው ተሳስቶ ወደ ሌላ መጠጥ ቤት ገብቶ፥ ስሕተቱን ባወቀ ጊዜም መጠጡን ትቶ ለመነሣት አልቻለም። የዚያ ዘመን ጨዋታ ከዋዛ ጋር የተቀላቀለ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። ገንዘብን በሚመለከት ግን ዋዛ አልነበረም። ተጫዋች ለጨዋታው አንዲት ሳንቲም እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክል ነበር። እ.አ.አ. በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች «የእኛ ልጆች የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥራ ሲቀሩ የሚቀርባቸውን ደመወዝ እንተካላቸው» ብለው ቢጠይቁ ስለ ተከለከሉ ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ዋስፕስ ከነበረበት ወገን ግን ክልከላው ቀጠለና መቶ ዓመት ቆየ፤ የተነሣው እ.አ.አ. በነሐሴ 1995 ነው።

ዋስፕስ ሱድበሪ በተባለው የለንደን ሰፈር እ.አ.አ. ከ1923 ጀምሮ የራሱ ሜዳ ነበረው። ጨዋታው የደመወዝ ሥራ በሆነ ማግሥት፥ እ.አ.አ. በ1996፥ ያን ሜዳ ለቅቆ ወደ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ስታዲዮም ተከራይ ሆኖ ገባ፤ አሮጌው ሜዳም ተሸጠ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የቀናው ይመስል ነበር። በመጀመሪያው የደመወዝተኞች ዘመን፥ እ.አ.አ. በ1997፥ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም በ2003፥ በ2004፥ በ2005ና በ2008 ይህንኑ ደገመ፤ በ2004ና በ2007 የአውሮጳን ዋንጫ ወሰደ። ነገር ግን ዋንጫው እየበዛ ሲሄድ ደመወዙ ከገቢው ይበልጥ ነበር፤ ሜዳውም የሰው ነበር። እ.አ.አ. በ2002 ከለንደን ወጥቶ ሃይ ዊኮም ወደምትባል ከተማ ተዛወረ፤ በ2014 መጨረሻ ደግሞ ጨርሶ ወደ ኮቨንትሪ ሄደ፤ ከለንደን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ከተማ ነው። ስታዲዮሙን ገዛው፤ ለዚህም እ.አ.አ. በ2015 ለሕዝብ ቦንድ ሸጦ 35 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ፤ ወለዱም በየዓመቱ ከመቶ ስድስት ተኩል ነበር።

ቦንድ ምን እንደ ሆነ የዓባይ ግድብ ሲሠራ ሕዝባችን ተምሯል፤ ዛሬ ገንዘብህን አበድረኝ፥ በተወሰነው ቀን ከነወለዱ እመልስልሃለሁ የሚል ውል ነው። የዋስፕስ ቀን እ.አ.አ. ግንቦት 2022 ነበረች። በመካከሉ የኮሮና ወረርሽኝ ሜዳዎችን ዘጋ፤ ተመልካች ጠፋ፤ ቀኗ ስትደርስ ዋናው ገንዘብ አልተገኘም። ጥቅምት 17 ቀን 2022 እ.አ.አ. ክለቡ በዳኝነት አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ ተጫዋቾችና ሠራተኞች በአንድ ቀን 167 ሰዎች ከሥራ ወጡ። ስታዲዮሙ ለሌላ ነጋዴ ተሸጠ። በዚያው የውድድር ዘመን ዉስተርና ለንደን አይሪሽ የተባሉትም ክለቦች ሲወድቁ ከዐሥራ ሦስቱ የእንግሊዝ ታላላቅ የራግቢ ቡድኖች የቀሩት ዐሥር ሆኑ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ከራሷ አሳጠረች» ማለት ይህ ነው።

የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ የደመወዝ ዘመን ከመጣ በኋላ ከክለቡ ተለይተው የቀሩ፥ ያለ ደመወዝ ለፍቅር ብቻ የሚጫወቱ የዋስፕስ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ በምዕራብ ለንደን አክተን በሚባል ሰፈር በአንድ ተራ ሜዳ ላይ ቀሩ። ታላቁ ቡድን ከነዋንጫዎቹ ሲፈርስ ታናሹ በዚያችው ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወቱን አላቋረጠም። ደመወዝ መክፈል ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። ሠራተኛ ለሥራው ዋጋ ሊቀበል ይገባዋል፤ የሰሜን እንግሊዝ የማዕድን ሠራተኞች ጥያቄም ፍትሐዊ ነበር። ጥፋቱ ከሚገባው በላይ ማውጣቱና የሚኖሩበትን ስፍራ ራሱን በዕዳ ማሠሩ ላይ ነው።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን እናቁማቸው። የአዲስ አበባው ቡድን ስሙን ሲቀማ ሰፈሩና ሰዎቹ ስለ ቀሩለት ስሙን ጠብቀው መለሱለት። የኦምዱርማኑ ሜዳውን ሲያጣ ስሙና ሰዎቹ ስለ ቀሩለት ከሀገር ወደ ሀገር እየዞረ ይጫወታል፤ መጨረሻው ገና ባይታወቅም በሕይወት አለ። የለንደኑ ግን መጀመሪያ ሜዳውን ሸጠ፤ ቀጥሎ ሰፈሩንና ሰዎቹን ትቶ ሄደ፤ በመጨረሻም አዲሱን ሜዳ በዕዳ አሠረ። ዕዳው በመጣ ጊዜ የቀረለት ስም ብቻ ነበር፤ ስም ደግሞ የሚጠራው ሰው ከሌለ ድምፅ ብቻ ነው። ጠላትና ጦርነት የወሰዱትን ነገር የሚጠብቅ ሕዝብ አለ፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ፈርሞ የሰጠውን ግን ማን ይጠብቅለታል?

ይህ ነገር ለእናንተ ለሹማምንት አንባቢዎቻችን የሩቅ ሀገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር እንሻለን። በሀገራችን ያሉት ብዙዎቹ የእግር ኳስ ክለቦች የሚኖሩት ከትኬት ሽያጭ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤትና ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። በጀቱ ሲቀር ክለቡ ይቀራል። የተጫዋቾች ደመወዝ ወረቀት፥ የስታዲዮም መሥሪያ ውል፥ የብድር ዋስትና ከእናንተ መካከል በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ማረፉ አይቀርም። እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ከየትኛው ገቢ ነው? ባይከፈል መያዣው ምንድን ነው? መያዣው ቢወሰድስ ሰዎቹ የት ይሰበሰባሉ? መያዣ ማለት አበዳሪ ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ የሚይዘው ንብረት ነው፤ በውል ወረቀት ላይ ከምታገኟቸው ቃላት ሁሉ ይህን ቀድማችሁ ብትማሩት አትጸጸቱም።

በቤት ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ለልጁ ሠርግ ድግስ ሲል የቤቱን ካርታ ለአበዳሪ የሚያስይዝ አባት ብዙ ነው። ሠርጉ ያምራል፤ ዘፈኑም ይደምቃል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሙሽሮቹ «ቤተሰብ ልንጠይቅ» ብለው የሚመጡበት ደጅ አይገኝም። ሚስት ባልዋን፥ ባልም ሚስቱን ከመፈረም በፊት ቢያማክሩ ዕዳው በእንጭጩ ይቀራል። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ስምና ስፍራ ነው፤ ሁለቱም ከአባቱ የተቀበላቸው አደራዎች እንጂ እርሱ የፈጠራቸው ገንዘቦች አይደሉም። አደራ ደግሞ ይጠበቃል እንጂ በመያዣ አይሰጥም።